የንግሥቲቱ ካባ

ሁለት እጁ አየር ላይ ሳለ ነው ሦስተኛ እጅ ኪሱ የገባው።

አስተርጓሚው አልዞረም። የሙዚየሟ አስጎብኚ ስለ አንድ የዛገ ጎራዴ ታወራለች፤ እሱ ከአፏ እየተቀበለ በእጁ ይናገራል፤ መስማት የተሳናቸው አሥራ አንድ ተዋንያን እጁን ያያሉ። ጥግ ላይ የቆመው ዘበኛም የሚያየው እጁን ነው። እጁን ሁሉ ሰው እያየለት ያለን ሰው ማን ይጠረጥራል?

ከኋላው ያለፈችው ሴት ሽቶዋን ብቻ ትታ ሄደች። ኪሱ ውስጥ ከጥፍር የማትበልጥ ፊልም ቀርታለች።

ፊልሟ የአርባ ሰው ስም ይዛለች። የዚህ አገር ጸጥታ መሥሪያ ቤት ሰኞ ጠዋት ከየቤታቸው ሊለቅማቸው የወሰነባቸው ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ወሬ ማድረሻ መንገዱን የሚያውቀው አገር ቤት ያለው አለቃው ብቻ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው። ነገ ፊልሟ ከቡድኑ ጋር አውሮፕላን ከተሳፈረች አርባዎቹ ይሰወራሉ። ካልተሳፈረች አለቀላቸው።

ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ንግሥቲቱ እጇን አነሳች። «ላብህን ጥረግ ልጄ። ጎራዴው የተመዘዘው ላንተ አይደለም።»

አሥራ አንዱም ሳቁ። እሱም ሳቀ።

ንግሥቲቱ የሚሏት በየተውኔቱ ንግሥት ሆና ስለምትጫወት ነው። ባሏ አናጺው እንደ እሷ እየተወነ የመድረኩንም ዕቃ ይሠራል፤ እሷ ከመጫወቷ ሌላ የቡድኑን ልብስ ትሰፋለች። አስተርጓሚው ከእነሱ ጋር አሥራ አራት ወር ተጉዟል። የምልክት ቋንቋውን የተማረው ከእናቱ ነው፤ እናቱም እንደ እነሱ መስማት የተሳናት ነበረች። የራሱ አገር የስለላ መሥሪያ ቤትም የመረጠው ለዚሁ ነው። ንግሥቲቱ ግን ይህን ምን አውቃ? ልጄ ካለችው ጀምሮ የኮቱን ቁልፍ እንኳ ሳይነግራት ትተክልለታለች።

ከሰዓት በኋላ ካባዋን ይዞ ላውንደሪ ሄደ። እድፍ አለው፣ ላሳጥብልሽ ብሎ ነው የወሰደው። ስፌቱን እንዳያስነካባት አስምላዋለች፤ ካባውን የሰፋችው በእጇ ነው።

የላውንደሪው ውስጥ በእንፋሎት ተጋርዷል። ከመደርደሪያው ጀርባ የቆመው ሽበታም ሰው በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ «አጎት» ይባላል።

«ይሄ እድፍ ይለቃል?»

«ቀለም ከሆነ ይለቃል። ዘይት ከሆነ አልዋሽህም።»

በሩ ተቆለፈ። አጎት የአስተርጓሚውን ኮት አስወልቆ ኮሌታውን ተረተረ፤ ፊልሟን ከታ፤ መልሶ ሰፋው። እጁ ፈጣን ነው።

«ካባውስ?» አለ አስተርጓሚው።

«ይታጠባላ። ለመምጣትህ ምክንያት ነው።»

«ሌላ ነገር የለውም?»

«ምን ሌላ ነገር?» አጎት ፈገግ አለ። «አንተ ደግሞ ጥላህን መጠርጠር ጀመርክ።»

አንድ ሰዓት ቆይተህ ና አለው። ቆይቶ መጣ። ካባው ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ ጠበቀው። ያኔ ጠርዙን በጣቱ ቢዳብስ ምን ነበረበት? አልዳበሰም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አየር ማረፊያ ደረሱ።

ተዋንያኑ ፎቶ ይነሳሉ፤ ያዩትን ግንብ፣ ያዩትን ወንዝ አንዱ ለአንዱ በእጁ ይተርካል። ፈታሾቹ ሁለት ነበሩ። የአሥራ አንዱን ሻንጣ ዘለው፣ የመድረኩን ዕቃ ዘለው፣ በቀጥታ ወደ ልብሱ ሳጥን ሄዱ። ከሃያ ልብስ አንዱን መዘዙ።

ካባውን።

አንዱ ጠርዙን ሳያመነታ በምላጭ ቀደደው። ፊልም ጠብ አለ።

 የአስተርጓሚው ፊልም ኮሌታው ውስጥ ነው፤ አንገቱን ይኮሰኩሰዋል። ይሄ ሌላ ነው። የከተተው አጎት ነው፤ ለፈታሾቹ ጥቆማ ያቀበለውም እሱ ነው። አንድ ሰው ሲያዝ የቀሩት ያልፋሉ። የሚያልፈው እሱ እንዲሆን የምትያዘዋን መርጠውለታል።

ንግሥቲቱንና አስተርጓሚውን አንድ የመስታወት ክፍል አስገቧቸው። አሥሩ ውጭ ቀሩ። ውስጥ የጠበቃቸው መርማሪ በሩን ሲዘጋ ድምፅ እንደማይወጣ እርግጠኛ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች መስታወት ግድግዳ እንዳልሆነ አላሰበም። ውስጥ በእጅ የሚባለውን ሁሉ አሥሩም ቆመው ይከታተላሉ።

«ይህ ምንድን ነው? በላት።»

አላት። ንግሥቲቱ ከፊልሙ ይልቅ ወደ ካባው ነው ያጎነበሰችው። ጠርዙን ዳሰሰች፤ ተቆጣች። «ይሄ የኔ ስፌት አይደለም። ክሩም የኔ አይደለም። ማን ነው የነካብኝ?»

«አላውቅም ትላለች» አለ አስተርጓሚው።

«ካባው ትናንት የት ነበር?»

ይህንንም አላት። የንግሥቲቱ ፊት ወዲያው ፈካ። መልሱ ቀላል ነዋ። ጣቷን ወደ እሱ ቀሰረች። «እሱ ላውንደሪ ወስዶት ነበር። እዚያ ነው የተነካው። ልጄ፣ ንገራቸው እንጂ።»

መርማሪው ጣቷን አየ።

«ለምን ወደ አንተ ትጠቁማለች?»

እውነቱን ቢናገር ይፈትሹታል። ቢፈትሹት ኮሌታው ይቀደዳል። አርባ ሰው። ዝም ቢልም ያው ነው። የሚወዳት ሴት ጣቷን ቀስራ፣ አገጯን ነቅንቃ፣ በል እንጂ ትለዋለች። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ምስክር ትጠራኛለች» አለ። «ካባዬ ከእጄ እንደማይወጣ እሱ ያውቃል ነው የምትለው።»

መርማሪው ወደ እሷ ዞሮ፣ እውነት ነው? በሚል አንገቱን ነቀነቀ። ንግሥቲቱ የዚያን አገር ቋንቋ በከንፈር አታነብም። ልጇ የነገራትን ተናግሮላታል ብላ አምናለች።

አዎ አለች። ደጋግማ ነቀነቀች።

እጇን ወደ ኋላ አሰሩት። ሌላው ሰው እጁ ቢታሰር አፍ ይቀረዋል፤ እሷ ምንም አልቀራትም። በቅንድቧ ጠየቀችው። ምን አልካቸው? ዓይኑን ሰበረ።

ውጭ አናጺው መስታወቱን በቡጢ መደብደብ ጀመረ። ሁሉንም አይቷል። ሚስቱ አስተርጓሚውን ጠቁማ ሳለ የታሰረችው እሷ ናት። እጁን ዘርግቶ፣ ምናልባት ይገባው እንደሆነ ብሎ፣ በሩ ላይ ለቆመው ዘበኛ በትልልቁ ያሳየዋል፤ እሱ ነው የወሰደው፣ እሱን ጠይቁት። ዘበኛው ከክፍሉ የወጣውን አስተርጓሚ ምን እንደሚል ጠየቀው።

«ሚስቴን ልቀቁልኝ ነው የሚለው።»

አናጺው እስክሪብቶ አወጣ። የጉዞ ትኬቱ ጀርባ ላይ ቸክችኮ ለዘበኛው ሰጠው። ዘበኛው ወረቀቱን አገላበጠው፤ የማያውቀው ፊደል ነው። ያነብለት ዘንድ ለአስተርጓሚው አቀበለው።

ያ ሁሉ ሰው አንድ አፍ ብቻ ነበረው። አፉም የእሱ ነበር።

መርማሪው አመሰገነው። ለቀረው ጥያቄ የራሳችንን ሰው እናመጣለን አለው። የራሳቸው ሰው የሚያውቀው የአገራቸውን ምልክት ነው፤ የእሷን ከየት ያውቀዋል? አስተርጓሚው ይህን ሊነግረው አፉን ከፍቶ ዘጋው።

አሥሩን በፖሊስ አጅበው አሳፈሯቸው። አናጺውን ለሁለት ይዘው ነው ያወጡት።

አውሮፕላኑ ተነሳ። አስተርጓሚው ከመቀመጫው ተነስቶ መተላለፊያው ላይ ቆመ። የመሥሪያ ቤቱን ሕግ ሁሉ ረግጦ በእጁ ተናገረ። «አላወቅሁም ነበር። የከተተው ሌላ ሰው ነው። ብናገር አርባ ሰው ያልቃል።»

ከፊት የተቀመጠችው ተዋናይት ዓይኗን ጨፈነች። ከጎኗ ያለው ጨፈነ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው። ዓይናቸውን ለጨፈኑ ሰዎች ምን ቢነግራቸው ምን ዋጋ አለው? እሱ ግን እጁን ማቆም አቅቶት ነበር። ይቅርታ፣ ይቅርታ ይላል።

ያልጨፈነው አናጺው ብቻ ነው። ቡጢው ተልጧል። ቀስ ብሎ እጁን አነሳ።

«የሚያስሯት ክፍል መብራት አለው?»

አስተርጓሚው ይቅርታውን አቁሞ እጁን አወረደ።

«ጨለማ ከሆነ ለማንም ምንም ማለት አትችልም። እጇን ቢፈቱላትም አትችልም። መብራት አለው ወይ ነው የምልህ።»

«አላውቅም።»

በዚያን ቀን ማመካኛ ሳይጨምር የተናገረው የመጀመሪያ እውነት ይህ ነበር። አናጺው ጥቂት አየውና ዓይኑን ጨፈነ።

እሑድ ማታ ሠላሳ ሰባቱ ተሰውረዋል። ሦስቱ ዘግይተዋል። አለቃው ከዚህ የተሻለ አልጠበቀም ነበርና ደስ አለው።

«የአጎት እቅድ ነው። የፈረምኩበት እኔ ነኝ» አለው። «ብነግርህ ፊትህ ያሳብቅብን ነበር።»

«ሴትዮዋን እናስለቅቃት።»

«የማን ናት ብለን? የእኛ ናት ካልን ሰላይ ናት ብለን መሰከርንባት። የእኛ አይደለችም ካልን ምን አግብቶን እንጠይቃለን?»

ለአስተርጓሚው አዲስ መታወቂያ ሰጡት፤ አዲስ ስም፣ አዲስ ከተማ። የእህል መጋዘን ውስጥ መዛኝ ሆነ። ማንም አያውቀውም። ከማንም አይጣላም።

ከዓመት በኋላ አንድ ጉዳይ ሊያስፈጽም ወደ አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄዶ ሰልፍ ያዘ። ከፊቱ ሁለት ሰው አልፎ አንዲት ጠና ያለች ሴት ለጸሐፊው በእጇ ትነግረዋለች። ጸሐፊው ግራ ገብቶት ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ከፍ ማድረጉ ምን እንደሚረባ እሱ ያውቃል። ኋላ ተስፋ ቆርጦ ወደ ሰልፉ ዞረ።

«ከናንተ ውስጥ ይሄን ቋንቋ የሚችል ሰው አለ?»

ሴትዮዋ ፊቷን አዙራ ሰልፈኛውን አንድ በአንድ አየች። ያለችው ቀላል ነገር ነበር። ልጄ ታስሯል፣ ማመልከቻ የሚገባው በየትኛው መስኮት ነው ነበር ያለችው።

ዓይኗ እሱ ጋ ደረሰ። እንደ ሰልፈኛው ሁሉ ትከሻውን ነቀነቀ።