ደሜ የሚያውቃት ልጅ

የምጽፈው በእኔ ላይ የደረሰውን ነው። ላስፈራችሁ ብዬ የጨመርኩት ቃል የለም፤ ከኀፍረት የተነሣ የቀነስኩት ግን ሳይኖር አይቀርም...

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ፣ የምንኖርበት አፓርታማ። ውጭው ፀሐይ ነው።

የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ። ጠዋት ክሊኒክ ሄጄ ለምርመራ ደም ሰጥቼ ነበር።

ደም የቀዳችልኝ ነርስ አንድ ብስኩት ሰጠችኝ። ሌላ ብስኩት ደግሞ ከጎኔ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አኖረች... ፈገግ ብላ።

ተሳስታ ነው ብዬ አለፍኩት።

ውጤቱ የሚላከው በኤምፔሳ ለከፈለው ስልክ ነው። የከፈለው ባለቤቴ ተካልኝ ስለነበር፣ የሐኪሙ የድምፅ መልእክት ለእርሱ ደረሰ።

«ከፍ አድርገው፤ እኔም ልስማ» አሉ አማቴ፣ እማማ ማንጠግቦሽ። ለአራስ ጥየቃ ከአዲስ አበባ ቀድመው መጥተዋል። «የልጅ ልጄ ወሬ አይደል?»

ከፍ አደረገው።

«ወይዘሮ ልዕልት፣ ዶክተር ባንታየሁ ነኝ። የአንቲቦዲ ምርመራው ምንም ባያገኝ ነበር ጤናማው። በእርስዎ ደም ግን አግኝቷል፤ መጠኑ አንድ ለስድሳ አራት ነው። ደሙ ያን ያህል ተበርዞም ምላሽ ሰጥቷል ማለት ነው። አንቲቦዲ የሰውነት ዘበኛ ነው፤ ይህኛው ግን ወደ ጽንሱ ተሻግሮ ደሙን ሊያጠቃ ይችላል። ዘበኛው የሚነሣው የሌላ ሰው ደም ከእርስዎ ሲቀላቀል ነው። ደም ተሰጥቶዎት ከሆነ... ወይም ከዚህ በፊት አርግዘው ከሆነ። እባክዎ ይንገሩኝ።»

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ደም ተሰጥቶሽ ያውቃል፣ ልጄ?»

«አያውቅም፣ እማማ።»

«እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ... የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

ባልሠራሁት ነገር ፊቴ ጋለ። ንጹሕ ሰው ሲምል ውሸታም እንደሚመስል ያን ቀን ገባኝ።

በማግስቱ ብቻዬን ወደ ሁርሊንግሃም፣ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ሄድኩ። በራሴ ስልክ ከፈልኩ፤ ውጤቱን ከእኔ በቀር ማንም እንዳያየው።

በመንገድ ላይ የታክሲው ሾፌር በመስታወቱ ወደ ኋላ ተመለከተ።

«ማማ፣ ምቶቶ በርዶታል። መስኮቱን ልዝጋ?»

ምቶቶ... ልጅ ማለቱ ነው።

«የትኛው ልጅ?»

መስኮቱን ዘጋ።

ውጤቱ ያው ነበር።

ቤት ስደርስ ተካልኝ መኝታ ቤት ይጠብቀኝ ነበር። በሩን ገጠም አድርጎ ከጎኔ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

«እውነቱን ንገሪኝ...» አለ በሹክሹክታ። «አልቆጣም።»

«ነገርኩህ እኮ።»

«ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ለልጃችን ስል ነው።»

«ተካልኝ...»

«ሌላ ጽንስ ነበረ ወይስ አልነበረም?»

ወጥ ቤት የነበረው የሰሐን ኳኳታ ተቋረጠ። አማቴ እያዳመጡ ነው።

ደከመኝ። «አልነበረም» ብል የማያምነኝ ባል፣ «ነበረ» ብል የማይወደኝ ባል... ሁለቱም ከጎኔ ተቀምጠዋል። ጥያቄው ብቻ እንዲያበቃ ፈለግሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ውሸት ተናግሬ አላውቅም።

«አዎ» አልኩ። «ነበረች።»

ነበረች... ሴት መሆኗን ማን ነገረኝ?

አንገቴን ደፍቼ ቁጣውን ጠበቅሁ።

አልመጣም።

ቀና ስል ተካልኝ እኔን አያይም። ከጉልበቴ አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ፣ የሆነ ነገር እያየ ነው። ፊቱ ቀስ በቀስ ለሰለሰ።

«ምነው እስከ ዛሬ ደበቅሻት?» አሉ አማቴ በሩን ገፋ አድርገው። ለእኔ አውጥተውት በማያውቁት ድምፅ። «እንዲህ የምታምር ልጅ... አታፍሪም?»

አፈርኩ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ከፍርሃቱ በፊት የመጣው ኀፍረቱ ነው።

ተካልኝ በቀስታ ፈቀቅ አለ፤ ቦታ እንደሚለቅ ሰው።

በመካከላችን... ፍራሹ ጎድጎድ አለ።