የሞቀው ሞተር

ደላላው ሊሸጠው በነበረው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ሞቶ ከተገኘ ገና ብዙ አልቆየም፤ የገዢዋ ታናሽ ወንድም ግን ከወዲሁ ካቴና ገብቶበታል። እህቱ የጋራዡን በር ተደግፋ ቆማለች። መኪና ለምኔ! የታመመች እናቷን ሐኪም ቤት ማመላለሻ ፈልጋ፣ መካኒክ ነው ብላ ወንድሟን ይዛ መጥታ፣ ይኸው በገዛ እጇ ገደል ከተተችው።

«ገዳዩ እሱ ነው!» ይላሉ ባለመኪናው አዛውንት። ሟቹ የገዛ ልጃቸው ነው። «ትናንት በዋጋ ተጣልተው አንቆት ነበር። አንገቱን እዩት!»

«አንቄዋለሁ፤ አልዋሽም» አለ መካኒኩ። «እህቴን ሲሰድባት ደሜ ፈላ። አባባ ራሳቸው አስታረቁን፤ መኪናውን ጠዋት መጥታችሁ እዩት አሉን። አልገደልኩትም።»

«አንተ ዝም በል! ጌታዬ፣ እናታችን ያለ እሱ ሰው የላትም። እግርዎ ላይ ልውደቅ?» አለች እህቱ።

የፖሊስ መርማሪው ቀስ ብሎ ወደ መኪናው ተጠጋ። ባልደረቦቹ «ዝግታ» የሚሉት ሰውዬ ነው፤ ምድር ብትገለበጥ አይቸኩልም። የሟቹን ፊት አጎንብሶ አየ። ከዚያ እሷ እየለመነችው፣ እሱ በጭስ ማውጫው ትይዩ ያለውን ግድግዳ በመሐረብ ይጠርጋል! እሷም ልታንቀው ምንም አልቀራት።

«ልጅዎ እዚህ ምን ይሠራ ነበር?» አላቸው አዛውንቱን።

«እኔ ምን አውቄ! ቤቱ ያደረ መስሎኝ።»

የሟቹ ሚስት ከጥግ ሆና «ተጣልተን ወጣ» አለች። «ሲከፋው መኪና ውስጥ ነው የሚተኛው።»

«መኪናውን ዛሬ ማን አስነሳው?»

«ማንም!» አሉ አዛውንቱ ፈጥነው። «ከትናንት ወዲህ ቁልፍ አልነካውም።»

መርማሪው ወደ ገዢዋ ዞረ። «እህቴ፣ ስትመጡ ወንድምሽ መጀመሪያ ምን አደረገ?»

«የሞተሩን ክዳን በመዳፉ ነካ። ሁሌም እንደዚያ ነው። ‹ሞቋል፣ አንገዛም› አለኝ። ለወጉ ያህል የኋላውን በር ሲከፍት ነው ሬሳውን ያየነው።»

«ሞቋል ማለት ምን ክፋት አለው?»

«የሞተር ጤና የሚታወቀው ቀዝቅዞ አድሮ ሲነሳ ነው» አለ መካኒኩ። «አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ የሚደብቀው በሽታ አለ።»

መርማሪው ሁሉንም በመኪናው ዙሪያ ሰበሰባቸው። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የታነቀ ሰው ፊት ይጠቁራል፤ ይህ ግን ጤነኛ ሰው እንደተኛ ፊቱ ቀልቷል። ጭስ የገደለው ሰው ነው እንዲህ የሚሆነው። መሐረቤን እዩ፤ የግድግዳው ጥቀርሻ አዲስ ነው። የትናንቱ ግብግብ ያተረፈው ጭረት ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው፣ ገዢ ሳይመጣ ላሙቀው ብሎ፣ በተከፈተው የፊት መስኮት እጁን አስገብቶ ሞተሩን አስነሳ። የሞተሩ ሳል እንዳይሰማ የጋራዡን በር ዘግቶ ወጣ። ሲመለስም በዚያው መስኮት አጠፋው፤ በሩን ከፍቶ ቤቱን አናፈሰ። የኋላው መስታወት ጥቁር ነው። እዚያ ማን እንደተኛ አላየም።»

እህትየው የአዛውንቱን ፊት አየች፤ ምነው ባላየሁት አለች።

«አባባ» አለ መርማሪው።

«ሞተሩ ይስላል እኮ... እንዳያዩብን ብዬ...» ሽማግሌው መሬት ላይ ተደፉ። «ምነው አንዴ እንኳ ድምፁን ባሰማኝ!»

ካቴናው ተፈታ። እህትየው ወንድሟን አቅፋ «ተመስገን» ልትል አፏን ከፈተች፤ ሽማግሌውን አይታ ተወችው። መካኒኩ ከእቅፏ ወጥቶ ሽማግሌውን ከመሬት አነሳቸው።

አዛውንቱ ደረቱን ጨምድደው ያዙት። «ምነው አንተ በሆንክ» አሉት። «ምነው አንተ በገደልከው!»

መካኒኩ ደግፎ ወደ ውጭ አወጣቸው።