ሦስት ጊዜ ጠይቃት

ሀብቶም ስቶክሆልም ተወልዶ እዚያው ያደገ ልጅ ነው። ለሥራ ብሎ ወደ ወላጆቹ አገር መጥቶ ልደታ፣ እትዬ ኮከቤ ቤት አንድ ክፍል ከተከራየ ሁለት ወሩ ነው። ሁለቱንም ወር የበላው ጉዳይ ማስፈጸም ነበር። ለመኖሪያ ፈቃድ ኮፒ፣ ለባንክ ደብተር ኮፒ፣ ለስልክ ቁጥር ኮፒ። በየመስኮቱ «አንድ ጉርድ ፎቶና ሁለት ኮፒ ይዘህ ና!» ይባላል።

እሱ ግን አልተማረረም። ኮፒ ቤቷ ልደታ ማርያም ፊት ለፊት ናት፤ ኮፒ ቤቷ ውስጥ ደግሞ ደላዊት አለች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ጎደለህ?» ትለዋለች፣ ገና በሩ ላይ ስታየው።

«ማኅተሙ አልታይ አላቸው።»

«ባንተ ፓስፖርት እኮ የማሽኑ ቀለም አለቀ!» ትላለች እየሳቀች። ወረቀቱን ከተቀበለችው በኋላም ዓይኗ ከፊቱ ላይ ቶሎ አይነሳም። ሀብቶም ወዷታል። ጉዳዩ ምነው ባላለቀ ብሎ እስኪመኝ ድረስ ወዷታል።

አንድ ቀን ደፍሮ «ምሳ ልጋብዝሽ?» አላት።

ደላዊት ቦርሳዋን ከወንበሩ አንስታ ትከሻዋ ላይ እያንጠለጠለች፣ «አይ፣ ምን አስቸገረህ» አለችው።

«እሺ» ብሎ ሄደ።

ባደገበት አገር ሰው አይ ካለ አይ ነው፤ ደግሞ መጠየቅ ነውር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ደላዊት ኮፒውን ዝም ብላ ትሰጠው ጀመር፤ ሳቋም ጠፋ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ የመጨረሻውን ወረቀት ስትሰጠው አቀርቅራ፣ «አዳማ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ሰኞ እጀምራለሁ። እዚህ ከቅዳሜ በኋላ የለሁም» አለችው።

«እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ ወረቀቱን ይዞ ወጣ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እትዬ ኮከቤ ጠርተው ሽሮ አቀረቡለት።

«ይቅርብኝ እትዬ፣ አልራበኝም።»

«ብላ እንጂ!»

«እውነቴን ነው፣ አልፈልግም።»

«በሞቴ!» ብለው አጎረሱት።

ሀብቶም እንደምንም ውጦ፣ «ሰው አይ ሲል ለምን አይሰሙትም?» አላቸው።

«የመጀመሪያው አይ ለይሉኝታ ነው ልጄ። ሁለተኛው ለወጉ። ሦስተኛውን እሰማለሁ።»

ሀብቶም ያቺ ቦርሳ ትዝ አለችው። የሆነውን ሁሉ ነገራቸው።

«ስንት ጊዜ ጠየቅካት?»

«አንዴ።»

«አንዴ! ቦርሳ አንጠልጥላ ለቆመች ልጅ! ተነስ፣ ሦስት ጊዜ ጠይቃት። ሦስቴ እንቢ ካለች ግን እግርህን ሰብስብ።»

እየሮጠ ደረሰ። ደላዊት ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ እየከተተች ነበር።

«ምሳ ልጋብዝሽ?» አላት እያለከለከ።

«እሺ።»

«ግድ የለሽም፣ በሞቴ...»

«እሺ አልኩህ እኮ!» ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ሳቀች። «ያኔ ደግመህ ሳትጠይቀኝ ስትቀር፣ ለካ ከአንገት በላይ ነው ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቃጠልኩ። ሁለተኛ በይሉኝታ ምሳዬን አላጣም!»

«እትዬ ኮከቤ ግን ሦስት ጊዜ ነው ያሉኝ።»

«የቀሩትን ሁለቱን አዳማ ድረስ መጥተህ ጠይቀኛ።»

ሄዶ ጠየቃት። በሁለተኛው ጊዜ የጠየቃት ምሳ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ትዳር ነበር፤ እሱንም ሳታስደግመው እሺ አለችው።

እትዬ ኮከቤ የመረጧቸው ሽማግሌዎች ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ደላዊት አባት ቤት ሄዱ። አባትየው ግን «እስቲ እንመካከርበት» ብለው ባዶ እጃቸውን ሸኟቸው። ሽማግሌዎቹ ይህንን ፈራ ተባ እያሉ ሲነግሩት ሀብቶም ፈገግ አለ።

«ይሄማ የመጀመሪያው ነው» አለና ቀለበት ሊያስለካ ወጣ።