የሐሙስ ማታ መቁጠሪያ

ዶኛ ኤርሚኒያ ፊታቸው ላይ ትራስ ተጭኖባቸው ሞተው ሲገኙ፣ ከአልጋቸው ግርጌ ያለው ቴሌቪዥን ገና አልጠፋም ነበር።

በዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ባራኦና ውስጥ፣ በዚያ ሰፈር፣ ሰው ሁሉ የተስማማበት አንድ ነገር አለ። ያን ሐሙስ ጀምበር ስትጠልቅ የመቁጠሪያው ጸሎት በመስኮቱ ወጥቶ መንገዱን ሞልቶት ነበር። አሮጊቷ ማታ ማታ ቪዲዮውን ከታብሌታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ እየላኩ አብረው ይጸልያሉና፣ ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የነበረችው ደግሞ የልጅ ልጃቸው ያኒሪስ ብቻ ናት። ልጅቱ ስትጠየቅ አላመነችም፤ አልካደችምም። ሠላሳ ዓመት እስር ይጠብቃታል።

ኢንስፔክተር ኔሬይዳ ፌሊስ መጀመሪያ ያነጋገረችው ሬሳውን ያገኘችውን ጎረቤት፣ ነርሷን ፍሬዴስቪንዳን ነው።

«ከሟች ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«በዋይፋይ ነዋ! መርፌ የምወጋቸው እኔ፣ እግራቸውን የማሸው እኔ፤ የይለፍ ቃሉን ስጡኝ ስላቸው ‹ጴንጤ በኔ መስመር አይሰብክም› ይሉኛል። ከሳቸው፣ ከልጃቸው ከዊልፍሪዶና ከልጁ ከያኒሪስ በቀር የሚያውቀው የለም። ሮም ለሐሙስ መቁጠሪያ የሚታሰብ አዲስ ምሥጢር ብትጨምር እንኳ ‹ሐሙስ የብሥራትና የልደት ነው› ብለው ቄሱን ከቤት ያባረሩ ሰው፣ ለኔ ሊሰጡኝ ኖሯል?»

«ያን ማታ የት ነበሩ?»

«ቸርች። መቶ ሰው አይቶኛል። ለመርፌው ስመለስ ነው ያገኘኋቸው።»

«ታብሌቱስ?»

«ጠዋት እንኳ ባትሪው ሞቶ ነበር። ቻርጀሩ ተቃጥሎ፣ ያኒሪስ ከሥራ ስትመለስ አዲስ ልታመጣ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ታብሌቱን ነካካችው፤ አልበራም። እንግዲያው ጸሎቱን የላከው ሌላ እጅ ነው። ሐኪሙም በዚህ ሙቀት የሞቱበትን ሰዓት በእርግጠኝነት መናገር እንደማይችል ገልጿል።

ከቤቱ ጋር በግድግዳ የሚዋሰነው የቶሪቢዮ ኮልማዶ፣ የሰፈሩ ሱቅና መጠጥ ቤት፣ ነው። በሩ ላይ እንደ ወትሮው ሩም እየተቀዳ፣ ዶሚኖ ጠረጴዛ ላይ ይጮኻል።

«ዊልፍሪዶ?» አለ ቶሪቢዮ። «ጸሎቱ ሳይጀመር ጀምሮ እዚችው ወንበር ላይ ነበር። እንደውም ጸሎቱ ላይ በቃና ሰርግ ወይኑ አለቀ ሲባል፣ ‹ምን ችግር አለ፣ ከኔ ሱቅ ይውሰዱ!› ብዬ በሳቅ ገደልኳቸው። እሱ ብቻ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ቀረ።»

«የቃና ሰርግ? በደንብ ሰምተሃል?»

«ኢንስፔክተር፣ እኔ ወይን ሲባል አልሳሳትም።»

በማግስቱ ሁሉንም ኮልማዶው በር ላይ ሰበሰበቻቸው። ያኒሪስ በካቴና፣ ከፖሊስ ጋር መጣች። ኔሬይዳ የዊልፍሪዶ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልኩን ጠየቀችው፤ እምቢ ማለቱ የባሰ እንደሚሆን ገብቶት ሰጣት። ጣቷን አንዴ አሳረፈች። ማንም ከሌለበት ቤት ውስጥ ጸሎቱ ተጀመረ። ቶሪቢዮ አማተበ።

«የቤቱ ዋይፋይ እዚህ ድረስ ይደርሳል» አለች። «ስለዚህ ጸሎቱ መሰማቱ ዶኛ ኤርሚኒያ በሕይወት መኖራቸውን አያሳይም። ቀኑን ገና ሳይመሽ ገድሎ፣ እዚህ ተቀምጦ መላክ ይቻላል። የይለፍ ቃሉን ከሚያውቁት ስልክ የያዙት ሁለት ናቸው። የተላከው ግን የቃና ሰርግ ያለበት፣ እሳቸው እድሜ ልካቸውን እምቢ ያሉት አዲሱ የሐሙስ ጸሎት ነው። በየማታው አጠገባቸው ተንበርክካ የምትጸልየው ያኒሪስ ይህን አትስትም። ይህን የሚስተው፣ እናቱ ሲጸልዩ ሁልጊዜ እዚህ ዶሚኖ የሚጫወተው ልጃቸው ነው።»

ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞረች። «አንቺም ከወጥ ቤት ሆነሽ እንግዳ ጸሎት ሰማሽ። መኝታ ቤት ስትገቢ ሞተዋል። ማን እንደላከው ወዲያው ገባሽ። ለዚህ ነው ዝም ያልሽው።»

ያኒሪስ ኢንስፔክተሯን አላየቻትም። «ለምን አባዬ?»

ዊልፍሪዶ የዶሚኖዎቹን ጠጠሮች በግንባራቸው ደፋቸው። «አያትሽ፣ እናትሽ እንዳልሞተች፣ ያባረርኳት እኔ እንደሆንኩ ልትነግርሽ ነበር። ‹ዛሬ ማታ የእናቷን ነገር እንጨርሳለን› አለችኝ። ትጠይኛለሽ፤ ጥለሽኝ ትሄጃለሽ ብዬ…»

«ባለፈው ፋሲካ ነግራኛለች።»

«ምን?»

«ነግራኛለች አባዬ። አውቄ ነው አብሬህ የኖርኩት። ይቅር እንዳልኩህ ልትነግርህ ነበር እኮ፤ እኔ ነኝ ንገሪልኝ ያልኳት።»

ፍሬዴስቪንዳ ዓይኗን ነጠላ ጫማዋ ላይ ተከለች።

ፖሊሱ ካቴናውን ከልጅቱ እጅ ፈትቶ ለአባቷ አጠለቀለት። ነፃ ነሽ፣ መሄድ ትችያለሽ አላት። ያኒሪስ ወዴት ብላ ጠየቀችው፤ የቀለደችበት መስሎት ፖሊሱ መኪናውን አስነሣ።