እሳቱን ያስተኛው እጅ

ስለ አንድ እሳት ሁለት ሰዎች ሁለት ነገር ተናገሩ።

ኢዛና ለፖሊስ የሰጠው ቃል ይህ ነው፦ «ከቤት ስወጣ አጎቴ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እሳቱ ከስሞ ፍም ብቻ ቀርቷል። አመድ አልለበሰም፤ የጭስ ማውጫው መዝጊያም ክፍት ነበር። ‹መንገዱ በረዶ ነው፣ ቀስ ብለህ ንዳ› አሉኝና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።»

ሰብለወርቅ የሰጠችው ቃል ደግሞ ይህ ነው፦ «ለኃይለ መስቀል ሾርባ ላደርስ ስገባ ልጁ ገና አልወጣም ነበር። ፍሙን በአካፋ ሰብስቦ ከመረና አመድ አለበሰው። ከዚያ መዝጊያውን ዘጋ። ‹ተው፣ ይሄ ነገር ጥሩ አይደለም› ስለው ‹ሙቀቱ እንዳይወጣብን ነው› አለኝ። ኃይለ መስቀልን እንቅልፍ ወስዶት ነበር።»

ከሁለቱ አንዳቸው ዋሽተዋል። ሊናን ያስጨነቃት ማን እንደዋሸ አለማወቋ ብቻ አልነበረም፤ ማን ቢዋሽ እንደሚሻላት አለማወቋም ጭምር እንጂ። ኢዛና የአክስቷ ልጅ ነው፤ በዲቪ መጥቶ አባቷ ቤት ተጠግቶ የሚኖር፣ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን ልጅ። ሰብለወርቅ እናቷ ናት፤ ከአባቷ ጋር ከተፋቱ ቆይተዋል። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ የተገኘው ደግሞ አባቷ ኃይለ መስቀል ነው።

ነገሩ የሆነው በረዶ የዴንተንን ከተማ ቀጥ አድርጎ ያቆመና መብራት የጠፋ ሰሞን ነበር። ሐኪሞቹ የሞቱን ምክንያት ለማወቅ አልተቸገሩም፤ ተዳፍኖ ያደረ እሳት፣ የተዘጋ ጭስ ማውጫ፣ ከዚያ የሚወጣ ሽታ የሌለው ጋዝ። የጋዝ ማስጠንቀቂያውን ኃይለ መስቀል ራሱ ካወረደው ቆይቷል፤ እሳት በለኮሰ ቁጥር ይጮህበት ነበርና። የቀረው ጥያቄ እሳቱን ማን አዳፈነው፣ መዝጊያውንስ ማን ዘጋው የሚል ነው። ፖሊስ ወደ ኢዛና አዘንብሏል። ክስ ከተመሠረተበት እስር አለ፤ ከእስሩ ወዲያ ከአገር መባረር።

ሊና የግል መርማሪ የቀጠረችው ለዚህ ነው። የትምወርቅ አዲስ አበባ ፖሊስ ውስጥ ወንጀል ስትመረምር ኖራ፣ እዚህም ፈቃድ አውጥታ አቅራቢያ ባለችው ዩለስ ከተማ ቢሮ የከፈተች፣ ከመናገር ይልቅ መስማት የሚቀናት ሴት ናት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለቻት ገና ሲተዋወቁ። «የምትፈልጊው ኢዛናን ነጻ እንዳወጣልሽ ነው ወይስ እውነቱን?»

«ዲፈረንት ናቸው እንዴ?»

«አንዳንዴ።»

«እውነቱን» አለች ሊና፣ ምን እየጠየቀች እንደሆነ ሳታውቅ።

የአባቷ የሥራ ክፍል ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፎቶግራፍ ነው፤ ፎቶግራፉ ሁሉ ደግሞ አንድ ሸለቆ ነው። ግሌን ሳራግ ይባላል፤ ከስኮትላንድ በስተምዕራብ፣ ባሕር መሀል ባለ ደሴት ላይ። ዛፍ የለውም፤ ነፋሱ አያሳድግም። ቡናማ ሣር፣ ጥቁር ረግረግ፣ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ወንዝ፣ ወንዙን ተከትሎ ሄዶ ሄዶ ባሕሩ አፍ ላይ የሚያልቅ ቀጭን መንገድ። ጣሪያቸውን ነፋስ እንዳይወስደው በገመድ ድንጋይ ያንጠለጠሉበት፣ ዝቅ ያሉ የድንጋይ ቤቶች። ኃይለ መስቀል በወጣትነቱ የዚያን መሬት ሊያጠና ሄዶ፣ አዲስ ሙሽራውን ሰብለወርቅን ይዞ፣ ፔጊ በምትባል ባልቴት ቤት ዓመታት ኖሯል። ዴንተን መጥቶ ኮሌጅ ሲያስተምርም ልቡ እዚያው ቀርቶ ነበር።

የትምወርቅ ከምድጃው አጠገብ ካለው ሳጥን ጥቁር ጡብ የመሰለ ነገር አነሳች። «ይሄ ነው ማገዶው?»

«ፒት ይሉታል። ረግረጉን በአካፋ እየቆረጡ ነፋስ ላይ ያደርቁታል። ዛፍ ስለሌለ እሱን ነው የሚያነዱት። በየዓመቱ ይልኩለታል፤ ማለቴ፣ ይልኩለት ነበር።»

የትምወርቅ ወደ ምድጃው ጎንበስ ብላ የጭስ ማውጫውን መዝጊያ ሰንሰለት ያዘች።

«ፍም የለም አይደል?» አለች ሊና ደንገጥ ብላ።

«እሳቱ ከሞተ ሰንብቷል እኮ።»

«ሶሪ። ልማድ ነው፤ ፍም እያለ እሱ አይነካም።»

መርማሪዋ ሰንሰለቱን ለቀቀችና የኢዛና ጠበቃ የሰጣትን ፎቶ ከስልኳ አወጣች። መጀመሪያ የደረሰው ፖሊስ አመዱን ገለጥ አድርጎ ያነሳው ነው። «ምን ይታይሻል?»

ሊና አጎላችው። ፍሙ አልተከመረም። በክብ ተነጥፎ እኩል ሦስት ቦታ ተከፍሏል፤ በየመካከሉ አንዳንድ ፒት ተጋድሟል። «የመርሴዲስ ምልክት ይመስላል።»

«አባትሽ ነው እንዲህ የሚያዳፍነው?»

ሊና ሳቀች፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። «ዳዲ? ‹የግሌን ሳራግን ድንጋይ ሁሉ አንድ በአንድ አውቃለሁ፣ እሳት እንዴት እንደሚያስተኙ ብቻ አላውቅም› ይል ነበር። እዚያ ማዳፈንን ‹ማስተኛት› ይሉታል፤ የምታስተኛው የቤቱ እመቤት ናት። ወንድ አያይም። ሶ፣ እኛ ቤት ዝም ብሎ ይከስማል፤ ጠዋት ኢዛና ከክብሪት ጋር ሲታገል ያረፍዳል።»

የትምወርቅ ፒቱን ወደ ሳጥኑ መለሰችው፤ የጠቆረ ጣቷን ግን ቶሎ አልጠረገችም።

ኢዛና ዩለስ ያለ ጓደኛው ዘንድ ተጠግቷል፤ ሁለቱ ሴቶች እዚያ ሄዱ። የትምወርቅ ጓሮ ወስዳ ሥጋ መጥበሻው ላይ ከሰል አስለኮሰችው፤ ፍም ሲሆን «አዳፍንልኝ» አለችው።

«እትዬ፣ በእሳት ልከሰስ ነው፤ ደግሞ እሳት ያስይዙኛል?»

«አዳፍን።»

ፍሙን ወደ መሀል ሰብስቦ ከመረው። አመዱን ደፋበትና በአካፋው ጀርባ መታ መታ አደረገው።

«ማን አስተማረህ?»

«ይሄን ማን ያስተምራል? እኛ አገር፣ ደጀን፣ ሁሉም ቤት እንዲህ ነው። አጎቴ ቤት አንዴ ስሞክር ‹የሴት ሥራ ውስጥ አትግባ› ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ወዲህ ነክቼ አላውቅም።» አካፋውን አስቀመጠ። «ሊና፣ እትዬ ሰብለ ለምን እንደዚያ እንዳሉ አላውቅም። የበደልኳቸው ነገር ካለ ንገሪኝ፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።»



ታፈሰን ያገኙት ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስበትን አውቶቡስ ፓርክ አድርጎ ሳምቡሳውን ሲበላ ነው። የኃይለ መስቀል የዕድሜ ልክ ጓደኛ፣ የሊና የክርስትና አባት ነው። ኃይለ መስቀል በሞተበት ዕለት ጠዋት ሁለቱ ሲጯጯሁ ጎረቤት ሰምቷል።

«ተጣልታችሁ ነበር» አለች የትምወርቅ።

«መቼ ታርቀን እናውቃለን?» ታፈሰ እጁን ጠረገ። «ሊሄድ ነበር። ላይመለስ። ‹ሸለቆው ጠራኝ› ሲለኝ ‹ሸለቆ ስልክ አለው እንዴ?› አልኩት። ብቻውንም አልነበረም የሚሄደው።» ሊናን አየት አድርጎ ተወው። እሷም አንገቷን ደፋች።

«እርስዎም እዚያ ኖረዋል።»

«ከሰኔ እስከ መስከረም። ፀሐይዋ አትጠልቅ፣ ዝናቡ አያባራ! ቀን ፒት ስንቆርጥ፣ የሰው በግ ስናሳድድ እንውላለን፤ ማታ ባልቴቷ እንደ ሕፃን ትሰደናለች፤ እሳቱን ልታስተኛ።»

«እንዴት ነበር የምታስተኛው?»

«ማን አይቶ? ከግድግዳው ወዲያ ስታነበንብ እሰማለሁ። ጠዋት አመዱን እፍ ሲሉት እሳቱ ይነሳል። ይኸው ነው የማውቀው።»

ሰብለወርቅ ግሬፕቫይን ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ የክፍል ጽዳት ኃላፊ ናት። ቃሏን ስትደግም አንሶላ ማጠፏን አላቆመችም።

«ፍሙን ሰብስቦ ከመረው አሉ?» አለች የትምወርቅ።

«ከመረው። ሌላ እንዴት ያደርጋል? የገጠር ልጅ አይደል?»

«ግሌን ሳራግ አይናፍቅዎትም?»

አንሶላው እጇ ላይ ቆመ። «አንድ ላይ እንመለሳለን ተባብለን ነበር። ሰው ብዙ ይባባላል።»

ወደ መኪናው ሲመለሱ ሊና «ምን አገኙ?» ብትላት «ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉንም አባትሽ ቤት ጥሪልኝ» አለቻት።

ቅዳሜ መጡ። ታፈሰ የፒቱ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ኢዛና በሩን ተደግፎ ቆመ። ሰብለወርቅ መስኮቱ ዘንድ፣ ሊና ከእሷ ጎን። የአባቷ ወንበር ባዶውን ነበር።

የትምወርቅ ፎቶውን አዞረችላቸው። «ወይዘሮ ሰብለወርቅ፣ እርስዎ ያዩት ክምር ነው። ፖሊሱ አመዱን ሲገልጥ ያገኘው ግን ይሄን ነው።»

ሰብለወርቅ ስልኩን አየችው፤ ቶሎም ፊቷን መለሰች።

«ኢዛና ሲያዳፍን አይቼዋለሁ» ቀጠለች መርማሪዋ። «ይከምራል። እርስዎም የገጠር ልጅ እንዴት እንደሚያዳፍን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ያደርግ ነበር ብለው ያሰቡትን ነገሩን። አይተውት ቢሆን ኖሮ ያዩትን በነገሩን።»

«ኃይሌ ራሱ ቢሆንስ?» አለ ታፈሰ።

«አያውቅበትም። አመድም አያስነካም ነበር። እርስዎም ቢሆኑ ከግድግዳ ወዲያ ነው የኖሩት። በፔጊ ቤት እሳት ሲተኛ ማየት የተፈቀደለት ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የባልቴቷን እጅ እያየች የተማረች ሙሽራ። ሰው ሲዋሽ አንደበቱን ይጠብቃል። እጁን አይጠብቅም፤ እጅ የለመደውን ይሠራል።»

ሊና ያን ቀን የሳቀችው ሳቅ ጆሮዋ ላይ ተመለሰ። እናቷን አሳልፎ የሰጠው እሱ ነበር።

«ማሚ?» አለች።

ሰብለወርቅ ወደ ምድጃው ሄደች። «ሦስቱ በሥላሴ ስም ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «ፔጊ ልጅ አልነበራትም። ሙያውን ለእኔ ሰጠችኝ። ኃይለ መስቀል ሌላ ሴት ይዞ ሊሄድ ነው፤ እሺ፣ ይሂድ! ሾርባዬን ጠጥቶ ሲጨርስ ምን አለኝ? ‹ከመሄዳችን በፊት እሳት ማስተኛቱን አስተምሪያት።› እየሳቀ። ከዚያ እንቅልፉን ለጠጠ።» ወደ ሊና ዞረች። «አንቺም ታውቂ ነበር። ስለ ሴትዮዋ።»

«እሱ ራሱ ሊነግርሽ ፈልጎ ነው...»

«ታውቂ ነበር።»

እውነት ነበር።

«መዝጊያውስ?» አለች የትምወርቅ በቀስታ።

«ብርድ ገባ፤ ዘጋሁት። ፔጊ ቤት መዝጊያ አልነበረም። አላሰብኩትም። ስህተት ነው።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። «ያስተኙት እርስዎ እንደሆኑ አውቃለሁ። ሲዘጉት ያሰቡትን ግን ከፎቶ ላይ ማንበብ አልችልም። ስህተት ነው ካሉ፣ አይደለም የሚያሰኝ ማስረጃ እኔ ዘንድ የለም።»

ሰብለወርቅ ልጇን እያየች ነበር። ሊናም የእናቷ ዓይን የሚጠይቃትን አወቀች። ይህንኑ ሰንሰለት ትንሽ ሆና ጎትታው ነበር፤ ምድጃው ውስጥ ፍም እያለ። እናቷ ከወጥ ቤት እየሮጠች መጥታ እጇን መታቻት፣ ከዚያ የመታችውን እጅ ስማ አቅፋት አለቀሰች። «ፍም እያለ አይዘጋም! ተኝተሽ አትነሺም፣ ሰማሽ?» ያን ቀን ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

«ሊኑዬ» አለች ሰብለወርቅ። «ልጁ ነጻ ወጣ አይደል? ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ለፖሊሶቹ ስህተት ነው በያቸው። እናትሽ ነኝ።»

«ኢዛናስ? ‹ልጁ ነው የዘጋው› ስትይ እሱም ስህተት ነበር?»

ኢዛና ከበሩ ፈቀቅ ብሎ መሬት መሬት አየ። ታፈሰ «ልጄ፣ ረጋ በይ፤ እናት አንድ ናት» ሊል ጀመረና ተወው።

ሊና የአባቷን ወንበር አየች፤ ከወንበሩ በላይ ያለውን ሸለቆ፣ ባሕሩ አፍ ላይ የሚያልቀውን መንገድ። ከዚያ የእናቷን እጅ ያዘች፤ ያንኑ መትቶ ያቀፋትን።

«ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ ብዬ እነግራቸዋለሁ፣ ማሚ። ፍም እያለ እንደማይዘጋ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።»