የመጋዙ ቁልፍ

ሽማግሌው መካኒክ ወልደሰንበት የሞተው ትልቁን መጋዝ ከሥሩ ሆኖ ሲጠግን ነው። ሻምበል ገብረወልድ ከፖሊስ ጣቢያ ተጠርቶ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው የእንጨት ፋብሪካ ሲደርስ፣ ሬሳው መጋዙን የሚያዞረው ቺንጋ ጎትቶ እንደጣለው ነበር። የደረት ኪሱ በሰጋቱራ ተሞልቷል፤ ከሰጋቱራው በላይ የመጋዙ ቁልፍ ተቀምጧል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ረሻድ በካቴና ታስሮ ጥግ ቆሟል።

«ይኼን ማን እሰሩት አላችሁ?» አለ ሻምበሉ።

«ሥራ አስኪያጁ ናቸው» አለ አጠገቡ የቆመው ፖሊስ። «መጋዙ በራሱ ተነሣ፣ ጥፋቱ የሽቦው ነው አሉ።»

ሻምበሉ በረጅሙ ተነፈሰ። ከበሩ ጀምሮ ያገኘው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ማሽኑ ገደለው። ማሽን እንዴት ተደርጎ ይጠየቃል?

ነገሩ የመጣው ከባሕር ማዶ ከተገዛው የመብራት ሰሌዳ ጋር ነው። ሰሌዳው በሥራ አስኪያጁ በአቶ ጉልላት ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ለየማሽኑ አንድ አምፖል አለው፤ ከሥሩም አንድ ቁልፍ። ቁልፉ ሲነቀል ማሽኑ ይቆማል፣ አምፖሉም ይጠፋል። ሲመለስ ማሽኑ ወዲያው ይነሣል። ታዲያ ቁልፉ በሟቹ ኪስ እያለ መጋዙ እንዴት ተነሣ?

«ሰሌዳህ ሰው በላ» አለው ሻምበሉ ረሻድን።

«ሰሌዳው ሰው አይበላም ጌታዬ። ይሞክሩት።»

ቁልፉ ከሰሌዳው እንደተነቀለ መጋዙን ለማስነሣት ደጋግመው ሞከሩ። መጋዙ ንቅንቅ አላለም። ሻምበሉ ይብስ ተናደደ።

ካቦውን ደሜን አስጠራ። «ከሟቹ ጋር ትጣሉ ነበር አሉ።»

«እንጣላ ነበር። እሱ ማሽን የሚታከመው በጆሮ ነው ይላል፣ እኔ ሰሌዳው ይሻላል እላለሁ። ሲሞት ግን ጓሮ እንጨት ሳስጭን ነበርኩ። ሾፌሩን ይጠይቁት።»

ሾፌሩም እውነት ነው አለ።

ጸሐፊዋ ብርቅዬ ከቢሮው በር አትለይም። «ከጋሽ ወልደሰንበት በቀር የገባ የለም» አለች። «ሲወጣ ‹እንደ ልጅ ይቆጥሩኛል› እያለ ያጉረመርም ነበር።»

አቶ ጉልላት ከወንበሩ አልተነሣም። ጉልበቱ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ሰዓቱን ያያል።

«እንግዳ ይጠብቃሉ?»

«ሰሌዳውን ለማየት የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ምነው ዛሬ ሆነ!»

«ሬሳው ዘንድ ቀርበው ነበር?»

«እኔ ደም አልወድም። ከቢሮዬ በር አላለፍኩም።»

ሻምበሉ ወጥቶ መጋዙ ሥር ተንበረከከ። ሲነሣ ጉልበቱ ላይ የተጣበቀውን የማሽን ግራሶና ሰጋቱራ አየ፤ ሁሉንም ቢሮ ሰበሰባቸው፤ ረሻድንም ጭምር።

«ሰጋቱራ መጋዙ ሥር ተከምሮ ይውላል» አለ። «መጋዙ ሲነሣ ክምሩን በሟቹ ላይ አፈሰሰው፣ ኪሱም ሞላ። ቁልፉ አስቀድሞ ኪሱ ቢኖር ከታች ይቀበር ነበር። እኔ ያገኘሁት ግን ከላይ ነው። ስለዚህ ከሞተ በኋላ የተከተተ ነው።»

ሻምበሉ ወደ ሰሌዳው ዞረ።

«እንግዲህ መጋዙ ሲነሣ ቁልፉ ሰሌዳው ላይ ነበር ማለት ነው። እዚህ ከሟቹ ሌላ የገባ የለም። እንደ ልጅ ቆጠሩኝ ያለውም ቁልፉን ይዞ እንዳይወጣ ተከልክሎ ነው። አቶ ጉልላት፣ እስቲ ጋዜጣውን ያንሡት።»

አቶ ጉልላት ጋዜጣውን በመዳፉ ተጫነው። ረሻድ ጋዜጣውን በታሰሩ እጆቹ ሳበው። የአቶ ጉልላት ሱሪ ጉልበቱ ላይ በግራሶ ጠቁሯል፤ ሰጋቱራም ተጣብቆበታል።

«ከበሩ ያላለፈ ሰው የት ተንበረከከ?»

«ጥገናውን የጨረሰ መስሎኝ ነው» አለ አቶ ጉልላት። «እንግዶቹ ሊደርሱ ሲሉ አንዱ አምፖል ጠፍቶ… ቁልፉን መለስኩት። ጩኸቱን ስሰማ ቁልፉን ነቅዬ ከውስጥ በሚቆለፈው የቢሮዬ የኋላ በር ሮጥኩ። ከዚያ ፈራሁ፤ ቁልፉን ኪሱ ከተትኩት።»

«ሰሌዳው የተሰቀለበት ድሮ መስኮት ነበር» አለች ብርቅዬ ቀስ ብላ። «መጋዙን ቁልጭ አድርጎ ያሳይ ነበር።»

«መስኮቱስ ቢደፈን፣ ወጥተው ቢያዩ ምን ነበረበት?» አለ ሻምበሉ።

«ወጥቼ እንዳላይ እኮ ነው ሰሌዳው የተገዛው።»

ሻምበሉ ካቴናውን ከረሻድ ፈትቶ ለአቶ ጉልላት አጠለቀለት። ረሻድ እጁን እያሻሸ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ሬሳውን ለማንሣት ከደሜ ጋር ወረደ።

በሩ ላይ የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ሸዋገነት ቆማለች። ዘበኛው አላስገባት ብሎ እዚያው ውላለች።

«ማሽኑ ነው አሉኝ» አለችው።

ሻምበሉ ባርኔጣውን አወለቀ። «አይደለም እመቤቴ» አለ። «ሰው ነው።»