ጋሽ ቱምቢ ያልጠየቁት ጥያቄ

አስከሬኑ የተገኘው ካልተጠናቀቀው ትምህርት ቤት ግድግዳ ሥር፣ የጠጠር ክምር ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነው። ሟቹ የሕንፃ ተቋራጭ ነበሩ። በወጣትነታቸው ግንበኛ ሳሉ የተጣመመ ግድግዳ ከሩቅ ይለዩ ስለነበር በግድግዳ ማቅኛው መሣሪያ «ቱምቢ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ሀብት ካፈሩም በኋላ «ጋሽ ቱምቢ» እንደተባሉ ቀሩ። ቀኝ እጃቸው የመኪና ቁልፍ ጨብጧል፤ የቁልፉ ጥርስ በሲሚንቶ ብናኝ ተለውሷል። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ነጭ ነው።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየቻቸው። አጭርና ቀጭን ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። እናቷን ከቀበረች ወዲህ ምግቡም ሥራውም አንድ ዓይነት ሆኖባታል። አሁንም ምንም አልተሰማትም። ዓይኗ ግን ሥራውን አልተወም።

«ማን ማን ነበራችሁ?» አለች።

የመለሰላት ከትምህርት ቤቶች ግንባታ ቢሮ የመጣው ወጣት መሐንዲስ ነው። «አራት ነን። እኔ፣ እሳቸው፣ ታናሽ ወንድማቸውና እሷ» አለና ጥቁር ሻርፕ የደረበች ሴት አሳያት። «ከእኔ በቀር ሦስቱም ተጫራቾች ናቸው። ሕንፃውን የጀመረው ተቋራጭ ውሉ ተቋርጦበታል፤ የቀረውን ለማስጨረስ አዲስ ጨረታ አወጣን።»

«ታዲያ ተፎካካሪዎች አብረው ምን ያደርጋሉ?»

«ደንቡ ነው። ዋጋ ከማቅረባቸው በፊት ቦታውን አንድ ላይ ያያሉ። አንዱ ጥያቄ ቢጠይቅ መልሱን ሁሉም እኩል ይሰማል። በጓዳ የሚንሾካሾኩት ነገር የለም።»

«እሳቸው ጠይቀው ነበር?»

«"ዞሬ ስጨርስ የምጠይቀው አለኝ፤ ሁሉም ይስማው" ብለው ነበር። ከዚያ ሁሉም በየፊናው ተበተነ። እኔ ታች በሩ ላይ ቀረሁ። አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ፤ ሮጬ ስደርስ በቃ።»

መርማሪዋ ጫማውን አየች። እሱም ነጭ ነው።

«ኖራ ነው» አለ እየተሳቀቀ። «ግቢው መሀል ሣር የሸፈነው የድሮ የኖራ ጉድጓድ አለ። ዝናቡ አርሶታል። ከበሩ ቀጥ ብለን ስንገባ ሰመጥንበት። እኔም ለቢሮው አዲስ ነኝ፤ አላወቅሁም።»

ወደ ላይ ወጣች። የክፍሉ አንድ ጎን ግድግዳ የለውም፤ ወለሉን ነፋስ ጠርጎታል። ከደረጃው የሚነሳ የነጭ ጫማ ዱካ ምሰሶው ዘንድ ደርሶ፣ ዙሪያውን ዞሮ፣ ክፍቱ ጠርዝ ላይ ያበቃል። የአንድ ሰው ዱካ ነው። ምሰሶው ላይ አዲስ ፍቅፋቂ አለ። በጣቷ ብትነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ረገፈ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዱካዎች ቁጢጥ ብላ ብዙ አየቻቸው።

ስትወርድ የሟቹ ወንድም ብሎኬት ላይ ተቀምጧል። የእሱም ጫማ በኖራ ነጭቷል።

«ወንድምዎ ናቸው?»

«የእናቴ ልጅ። ድርጅታችንን ለሁለት ከከፈልን ወዲህ ተኳርፈናል። ዛሬ ጠዋት "ደህና አደርክ" አለኝ። ዝም አልኩት።»

«ሲወድቁ የት ነበሩ?»

«ታች፣ መጨረሻው ክፍል። ብቻዬን። ጣት ወዴት እንደሚቀሰር አውቃለሁ፤ ከወንድሙ ጋር የሚጫረት ሰው ማን ያምነዋል?»

«አዝነዋል?»

«እንጃ። ጥርሱን እንደተነቀለ ሰው ደንዝዣለሁ። ማደንዘዣው ሲለቅ ያመኝ ይሆናል።»

ሴትዮዋ እጆቿን አጣምራ ግድግዳ ተደግፋለች። ቡናማ ጫማዋ ንጹሕ ነው።

«ድርጅትዎ አዲስ ነው?» አለች መርማሪዋ።

«የመጀመሪያ ጨረታዬ ነው።»

«ይህን ግቢ ያውቁታል?»

«ዛሬ ገና ማየቴ ነው። እኔ ከኋላ ያሉትን መጸዳጃ ቤቶች እያየሁ ነበር። ምስኪን ሰውዬ! ቤተ መጻሕፍቱ መከለያ የለው፤ አዳልጧቸው ነው።»

መርማሪዋ አመስግናት ወደ መሐንዲሱ ተመለሰች። «ላይ ያለው ክፍል ምንድን ነው?»

«መማሪያ ክፍል።»

«ቤተ መጻሕፍት አይደለም?»

«በመጀመሪያው ዲዛይን ቤተ መጻሕፍት ነበር። ተማሪ ስለበዛ ውሉ ከተቋረጠ በኋላ ቀየርነው። ተጫራቾቹ የያዙት አዲሱን ብቻ ነው።»

«የጀመረው ተቋራጭ እንደገና መጫረት ይችላል?»

«አይችልም። በዘመዱ ስምም ቢሆን አይችልም።»

ሁሉንም ታችኛው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወንበር ስላልነበረ ብሎኬት ላይ ተቀመጡ።

«አዳልጧቸው ቢሆን ኖሮ» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ «የጫማቸው አፍንጫ ወደ ጠርዙ ይዞር ነበር። ወደ ጠርዙ የዞረው ግን ተረከዛቸው ነው። ዕድሜውን በሙሉ መወጣጫ ላይ የኖረ ግንበኛ ለገደል ጀርባውን አይሰጥም። የሚሰጠው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሲያዋራው ነው።»

«ግን ላይ ያለው የእሳቸው ዱካ ብቻ ነው ሲሉ ፖሊሶቹን ሰምቻለሁ» አለ መሐንዲሱ።

«ነጩ ዱካ የእሳቸው ብቻ ነው። አንተ ብትወጣ ነጭ ትተህ ትወርድ ነበር። ወንድማቸውም እንደዚሁ። ምንም ሳይተው የወጣው ኖራ ያልነካው ሰው ነው።»

ሁሉም አንገቱን ደፍቶ የራሱን ጫማ አየ። የሴትዮዋን ጫማ ለማየት የደፈረ አልነበረም።

«በአጥሩ ጥግ ዞሬ ገባሁ» አለች። «ጫማዬ እንዳይቆሽሽ ብዬ። ይኼ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን ጉድጓዱን ሣር ሸፍኖታል፤ ከእርስዎ በቀር የሸሸው የለም። ደግሞ አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል፤ "ቤተ መጻሕፍቱ" አሉኝ። ዛሬ የመጣ ሰው የሚያውቀው መማሪያ ክፍል ነው። ቤተ መጻሕፍት የሚለው፣ መሠረቱ ሲቆፈር እዚህ የነበረ ሰው ነው።»

ሴትዮዋ ሻርፗን ከትከሻዋ አወረደች።

«ጉድጓዱን ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ» አለች፣ የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ ይመስል። «ሥራው የባለቤቴ ነበር፤ ሠራተኞቹን የማዘው እኔ። ጨረታውን ለማሸነፍ ዋጋ ሰብረን ገባን። በኋላ አላዋጣ ሲለን የምሰሶውን ብረት፣ ፌሮውንም ሲሚንቶውንም ቀነስን። ውሉ ሲቋረጥ ባለቤቴ በድንጋጤ ወደቀ፤ ግማሽ አካሉ አይታዘዝለትም። በስሜ ድርጅት ከፈትኩ። ባሸንፍ ሌላ ሰው ሳያያቸው ምሰሶዎቹን በአዲስ ፌሮ ላስራቸው ነበር። እውነቴን ነው።»

«ጋሽ ቱምቢስ?»

«ላይ አገኘኋቸው። ምሰሶውን በቁልፍ ይፍቃሉ። "ልጄ፣ ይኼ ነገ ሕፃናት ላይ ይወርዳል" አሉኝ። እንዳይናገሩ ለመንኳቸው። "ሁሉም መስማት አለበት" አሉ። ከዚያ ገፋኋቸው። እንዲህ ቀላል መሆናቸውን አላውቅም ነበር።»

ወንድምየው ብድግ አለ። ሊመታት ነው ብለው መሐንዲሱም መርማሪዋም ተነሡ።

«"ልጄ" አለሽ?» አላት።

«አዎ።»

ተመልሶ ተቀመጠ።

ፖሊሶቹ ሊወስዷት ሲሉ ወደ መርማሪዋ ዞረች። «አንድ ነገር ልለምንዎት። ባለቤቴ ብቻውን መገላበጥ አይችልም። አንድ ጎኑ ላይ ከቆየ ይቆስላል። ሲያዞሩት መጀመሪያ ጉልበቱን፣ ከዚያ ትከሻውን ነው።»

መርማሪዋ ሌላ ሰው መላክ ትችል ነበር። ራሷ ሄደች።

ሰውዬው ጠባብ አልጋ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ኮቴ ሲሰማ «መጣሽ?» አለ።

«ባለቤትዎ አይደለሁም። ፖሊስ ነኝ፤ ከትምህርት ቤቱ ነው የመጣሁት።»

አንገቱን ከትራሱ ለማንሳት ታገለ።

«ወደቀ?» አለ። «ሕንፃው ወደቀ? ልጆች ነበሩበት?»

«አልወደቀም።»

«ተመስገን» አለና ዓይኑን ጨፈነ። «ተመስገን፣ ተመስገን።»

መርማሪዋ ጉልበቱን አጠፈችለት፤ ቀጥላ ትከሻውን ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው። ብርድ ልብሱን አስተካክላ በርጩማ ሳበች። የሚስቱን ነገር ከየት እንደምትጀምርለት ግራ ገብቷት፣ እጇን እጁ ላይ እንዳደረገች ቆየች።